ከድርና ሽቅብ የምትሄደው ቢልጫ

ከድር ዓሣ ቤቱ ውስጥ ቆሞ መውጫ ያጣው ፍልሰታ መሀል ላይ፣ በቀን ብርሃን ነው። በሩ ክፍት ነበር። ቢላው በእጁ ነበር። ያሰረው ሰው አልነበረም። መውጣት ግን አልቻለም።

እዛ ድረስ እንዴት እንደደረሰ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከመሀል ከጀመርኩ እኔም ይጠፋብኛል።

ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራውን አለፍ ብላችሁ ወደ ለቡ በሚወስደው በኩል ትንሽ ስትሄዱ የኔን ጎሚስታ ቤት ታገኛላችሁ። ከጎኔ የከድር ዓሣ ቤት ነው። የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው እኔ ነኝ። የኔ ቤት ጎማ ይሸታል፣ የሱ ቤት ዓሣ ይሸታል፣ መሀል ላይ የሚቆም ሰው ምን እንደሚሸተው እሱ ይወቀው።

ከድር አርባን ያለፈ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የስልጤ ልጅ ነው፣ ሙስሊም። የክርስቲያኑን ጾም ግን ከብዙ ክርስቲያን በተሻለ ያውቃል፤ እኔን ራሴን ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ የሚነግረኝ እሱ ነው። እንጀራው ነዋ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ታውቁታላችሁ። አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ አይበላም፣ አንዳንዱ ይበላና አልበላሁም ይላል። የከድር ደንበኞች የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ዓሣው የሚመጣለት ከዝዋይ ነው፤ ቦና የሚባል ዓሣ አጥማጅ በበረዶ አድርጎ በአይሱዙ ይልክለታል። ሌላ ጊዜ የሚልከው ቆሮሶ ነው። ክረምት ላይ ግን ቢልጫ ይበዛል። ቢልጫ ረዘም ያለች፣ ብርማ፣ አጥንቷ የበዛ ዓሣ ናት። እሷን እየበሉ ማውራት አይቻልም፤ አማትን መጋበዝ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ናት። ክረምት ላይ ደግሞ ትሰባለች። ፍልሰታም የሚገባው ክረምት ላይ ነው። ከድር ይሄ ሁሉ እንዲሁ ገጥሞ የመጣለት ይመስለው ነበር።

ታዲያ አረፋ ክረምት ላይ የዋለበት ዓመት ነበር። የስልጤ ሰው አረፋን አዲስ አበባ አይውልም። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰፈሩ ጭር ይላል፣ መጋዝ የሚገዛበት ቦታ እንኳን አይገኝም። ከድርም አገሩ ገባ።

የሱ አገር ወንዝ አለ፤ ከተራራው ወርዶ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ነው የሚገባው። የወንዙን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ሄዳችሁ ታጠምዳላችሁ። ከድር ልጅ ሆኖ፣ ሐምሌ ላይ ውሃው ሲደፈርስ ቢልጫዎች ከሐይቁ ተነስተው ያን ሁሉ መንገድ ሽቅብ ይመጡ ነበር፤ እንቁላላቸውን ጠጠር ላይ ሊጥሉ። እነ ከድር ቤት አጠገብ ወፍጮው ጋ አንዲት ፏፏቴ አለች፣ ከሰው ቁመት አትበልጥም። ዓሣዎቹ እሷን መዝለል አለባቸው። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ይቺ ታልፋለች፣ ያቺ ትወድቃለች እያሉ ይወራረዳሉ። ከድር የወደቀችዋ ላይ ነው ዓይኑ የሚቀረው። ተመልሳ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፣ ደግሞ ትሞክራለች። እናቱ እራት ቀርቧል ብለው ሲጠሩት "ቆይ፣ እስክታልፍ" ይላል። እራት የሚበላው በርዶ ነበር።

ያን ጊዜ ለአረፋ ሲገባ፣ ከበጉ በፊት ወደ ወፍጮው ነው የወረደው። ውሃው ደፍርሷል። ፏፏቴዋ አለች። ድንጋዩም አለ። ዓሣ የለም። ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ፣ በማግስቱም ተቀመጠ።

"ዓሣዎቹስ?" አላቸው እናቱን።

"ቀሩ" አሉት።

"የት ሄዱ?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? አዲስ አበባ ዓሣ ቤት አለኝ የምትለው አንተ አይደለህ እንዴ? እዛ አልመጡም?"

ከድር ሳቀ። ከዛ ሳቁን አቆመ።

ሲመለስ ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ቢልጫዎች አንድ በአንድ ከፈተ። ሁሉም ሆድ ውስጥ እንደ ማሽላ ገንፎ ያለ ቢጫ እንቁላል ሞልቷል። ስንት ዓመት ሙሉ እያወጣ ለድመት ሲሰጥ ኖሯል። የኛ ሰፈር ድመቶች ክረምት ላይ መራመድ የሚያቅታቸው ለዛ ነው። አንዱን ጭብጥ በመዳፉ ይዞ ወደኔ መጣ።

"እዚህ ውስጥ ስንት ዓሣ ይኖራል?" አለኝ።

"ጎማ ጠይቀኝ" አልኩት።

"ቦና መረቡን የት እንደሚጥለው ታውቃለህ? ወንዙ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት አፍ ላይ ነው። ሊወጡ ሲሉ ነው የሚይዛቸው። ማን አዘዘው? እኔ።"

ከዛ ቀን ጀምሮ ሰውየው ልክ አልነበረም። አንዲት ቢልጫ ያቺን ፏፏቴ ስታልፍ እናቱ ሳያዩ እንዳይሞቱ ፈራ፤ እንዲህ ብሎ በቃሉ አልነገረኝም፣ ግን በቆርቆሮው በኩል የሰው ሐሳብም ይሰማል።

መጀመሪያ ያደረገው ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በካርቶን ላይ፦ "በክረምት ቢልጫ አንሸጥም። ልትወልድ እየሄደች ነው።"

ሰው ቆሞ ያነባል። አንዱ "ስትወልድ ንገሩኝ፣ ለገንፎ እመጣለሁ" ይላል። ሌላው "ክትትሏ የት ነው?" ይላል። አንዷ ደግሞ በቁም ነገር ፊት "እንኳን ማርያም ማረችሽ በላት" ብላው አስፋልቱን ተሻግራ ጀማሉዲን ዓሣ ቤት ገባች።

ጀማሉዲን የከድር አገር ልጅ ነው። ከማዶ ያለው ትልቁ ዓሣ ቤት የሱ ነው፤ ቴሌቪዥን አለው፣ እጅ መታጠቢያው ሙቅ ውሃ አለው ይባላል፣ እኔ አልታጠብኩበትም። ያን ሰሞን ቢልጫ ሲያልቅበት ጊዜ በረንዳው ላይ ቆሞ ካርቶኑን ያነብና "ከድሮ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይጮህለታል።

ከድር ለቦና ደወለ። "ክረምት ላይ ቢልጫ አትላክልኝ።"

"እሺ፣ ለጀማሉዲን እልካለሁ" አለው ቦና።

"መረቡን አንሳው ነው የምልህ።"

"አቦ ከድር፣ ኔትወርክ የለም" ብሎ ዘጋበት። ኔትወርኩ ግን ነበር።

ስለዚህ ከድር ራሱ ሊሄድ ተነሳ። ፊት ለፊት ሲያወሩት ሰው ይገባዋል አለኝ። እኔ አልሄድኩም። ሥራ ነበረብኝ፤ ሥራ ባይኖርብኝም አልሄድም ነበር። እዛ የሆነውን የሰማሁት ከሁለቱም ነው፣ ቦና ኋላ ዓሣ ሊያደርስ ሲመጣ ጎማ አስጠግኖ ነበር። ሁለቱም የፈራው ሌላኛው ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አምኛለሁ።

ቦታው እንዲህ ነው። ወንዙ ሐይቁ ጋ ሊደርስ ሲል መሀሉ ላይ ትንሽ ደሴት አለች፤ ደሴት ካላችኋት፣ አንድ ሾላና ጥቂት ሣር ነው። በአንዱ ጎኗ ሸንበቆው ዓሣ አያሳልፍም። በሌላው ጎን ቦና የመረቡን አንድ ጫፍ ሾላው ላይ፣ ሌላውን ማዶ ግራር ላይ ያስራል። በቃ፣ ከሐይቁ የሚወጣ ሁሉ እዛ ይቆማል። ቦና ከድርን በጀልባ ወደ ደሴቷ ወሰደው፣ እየተከራከሩ። ወርደውም ተከራከሩ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የሸወዳቸው እሱ ነው። ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ ከድር አገር ነው።

ጎርፉ ግንድ እየገፋ ሲመጣ ጀልባዋን ይዟት ሄደ። ሁለቱ ሾላው ላይ ወጡ። ማን ቀድሞ እንደወጣ አይነግሩኝም።

"ዋና ትችላለህ አይደል?" አለ ከድር።

"ዓሣ አጥማጅ ነኝ እንጂ ዓሣ አይደለሁም" አለ ቦና። "ይሄን ውሃ ደግሞ የላክኸው አንተ ነህ። ካንተ አገር ነው የመጣው።"

"ካገሬ የሚመጣውን ታያለህ፣ ወዳገሬ የሚሄደውን ታስቀራለህ።"

"ቅርንጫፉን ልቀቅ፣ የኔ ነው።"

እንዲህ ሆነው ተቀመጡ። እግራቸው ስር ውሃው እንደ ሻይ ጠቁሯል። ዓሣዎቹ ግን ውሃው ሲመጣ ጊዜ ነው የባሰባቸው፤ ጎርፉ ማለት ለነሱ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። መረቡ ላይ እየመጡ ይላተማሉ። ከላይ ሆኖ ጀርባቸው ይታያል፣ ይመታሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይመታሉ። ከድር ዓይኑን መንቀል አቃተው።

"አየህ?" አለው።

"ሁልጊዜ አያለሁ" አለ ቦና። "አንተ ተቆርጠው በበረዶ ስታያቸው እኔ እንዲህ ነው የማያቸው። ደስ ይለኛል መሰለህ?"

"ታዲያ ለምን ትጥላለህ?"

"አንተ ስለምትገዛ።"

"እኔ አቁሜያለሁ።"

"ጀማሉዲን ስለሚገዛ።"

"እሱ ለምን ይገዛል?"

"ሰው ስለሚበላ። እኔን ከምትጨቀጭቀኝ ሰውየው የማይበላበትን ምክንያት አምጣልኝ። ስለ ዓሣ አዝኖ የሚተው ሰው እንደሆነ የለም፣ ካርቶንህን ሰምቻለሁ።"

ለከድር መልስ ሳይመጣለት ግንዱ መጣ። ግንድ፣ ቅጠል፣ የሞተ አህያ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁሉም መረቡ ላይ ተከመረ። መረቡ የታሰረው ሾላው ላይ ነው። ሾላው ላይ እነሱ አሉ። ዛፉ ወደ ውሃው ማዘንበል ጀመረ።

"ቢላህን ይዘሃል?" አለ ቦና።

ከድር ቢላው ከጃኬቱ ኪስ አይወጣም። አውጥቶ ሰጠው። ቦና ገመዱ ላይ አስጠጋው፣ ከዛ መልሶ ሰጠው።

"አንተ ቁረጥ። መረቡ የወንድሜም ነው። ቆረጥኩት ብዬ አልነግረውም።"

አሁን አስቡት። ከድር ከሀይሌ ጋርመንት ድረስ የመጣው ይሄ መረብ እንዲነሳ ነው። ቢላው በእጁ፣ ገመዱ በፊቱ ነው። ምን ቢል ጥሩ ነው?

"የሰው ንብረት አልቆርጥም።"

"ፈቀድኩልህ እኮ።"

"አንተ ፈቀድክ፣ ወንድምህስ?"

"ስልክ ልደውልለት?"

"ኔትወርክ የለም አላልክም ነበር?"

ሥሩ አንዴ ተሰነጠቀ፣ ድምፁ እንደሚፈነዳ ጎማ ነው አለኝ ከድር፤ ለኔ ሲል ነው የሚገባኝን ምሳሌ የሰጠኝ። ማን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቦና ከድር ነው ይላል፣ ከድር ቦና ነው ይላል። ገመዱ ግን ተቆርጧል። መረቡ፣ አህያውም፣ ወንበሩም ወደ ሐይቁ ሄዱ። ሾላው ቀና አለ።

ዓሣዎቹ አለፉ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዛ ብዙ ሆነው፣ ጀርባቸው ውሃውን እየሰነጠቀ ሽቅብ። ከድር ልጅ ሆኖ ከላይ ነበር የሚጠብቃቸው፤ ሲነሱ አይቶ አያውቅም ነበር። አለቀሰ ብሎኛል ቦና። ከድር የውሃ ብናኝ ነው ይላል።

"ደስ አለህ?" አለው ቦና።

"አዎ።"

"በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መረብ እጥላለሁ።"

ውሃው ጎደል ሲል ሌሎች አጥማጆች በጀልባ መጥተው አወረዷቸው። ከድር አንድ ጫማ ይዞ ነው የተመለሰው። እንዳለውም በሳምንቱ ቦና ሌላ መረብ ጣለ። ያለፉት አልፈዋል፣ የከድር እናት ግን ምንም አላዩም፤ ወይ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ይዟቸዋል፣ ወይ ፏፏቴዋ ጋ ሳይደርሱ ውሃው ጎድሏል። እንጃ።

ያን ፍልሰታ የከድር ቤት ባዶ ዋለ። በሚቀጥለውም ዓመት ሐምሌ ላይ ባዶ ሆኖ ጀመረ። ሰውየው ቤተሰብ አለው። አንድ ቀን ጠዋት ካርቶኑን አወረደና ገልብጦ አመጣልኝ። "ጻፍልኝ" አለ ወደ አስፋልቱ እያየ። እኔም ጻፍኩ፦ "ቢልጫ አለ።" ከጀርባው የድሮው ጽሑፍ እንዳለ ነው። ከውጭ ስታነቡት አለ ይላል፣ ከውስጥ ለከድር ልትወልድ እየሄደች ነው ይላል። ቀኑን ሙሉ የሚያየው እሱን ነበር።

ፍልሰታ ገባ። እዚህ ጋ ነው እትዬ ተናኘ የሚመጡት።

እትዬ ተናኘ መካኒሳ አቦ ነው ቤታቸው፣ የመንግሥት ሥራ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የማኅበር እናት ናቸው። ማኅበሩ ውስጥ ያሉት ሴቶች እሳቸው ያልበሉትን አይበሉም፣ እሳቸው ያልወደዱትን ሙሽራም አያገቡም ይባላል። የከድር የቆየ ደንበኛ ናቸው። ግን ሁልጊዜ የሚልኩት ሠራተኛቸውን ነው፣ ዓሣውም ታጥቦ ተቆርጦ ነው ቤታቸው የሚገባው። ያን ቀን ሠራተኛቸው አገሯ ስለሄደች ራሳቸው መጡ። ባንኮኒው ፊት ቆመው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ከድር አንዷን ቢልጫ ሲከፍት አዩ።

"ይሄ ቢጫው ምንድነው?"

"እንቁላሏ ነዋ" አለ ከድር ሳያስበው።

እትዬ ተናኘ ወደ ባንኮኒው ጎንበስ አሉ። እኔ በቆርቆሮው በኩል ሥራዬን አቆምኩ።

"እንቁላል?"

"አዎ።"

"እንደ ዶሮ?"

"እንደ ዶሮ፣ ግን ደቃቅ ነው።"

"በፍልሰታ እንቁላል ያላትን ነው ስትሸጥልኝ የኖርከው?"

"አውጥቼ እኮ ነው የምልክልዎት።"

"ከውስጧ ነዋ ያወጣኸው፣ ከድርዬ። የዶሮዋንስ እንቁላል ስላወጣህላት ዶሮዋ የጾም ትሆናለች?"

እሳቸው ዓሣውን ሳይወስዱ ወጡ። ጃንጥላቸውን ሳይዘረጉ፣ ዝናቡ እየመታቸው ሄዱ።

ቀጥታ የሄዱት ወደ ንስሐ አባታቸው ነው። የንስሐ አባታቸው ምን አሏቸው መሰላችሁ? "ተናኘ፣ እኔ መጀመሪያ ዓሣውን ብዪ ብዬሻለሁ?"

አለቀ። ማኅበሩ ሰማ፣ ከማኅበሩ ታክሲ ሰማ፣ ከታክሲ ለቡ ሰማ። "ዓሣ ውስጥ እንቁላል አለ አሉ" የሚለው ወሬ መንገድ ላይ እያደገ ሄዶ ለቡ ሲደርስ ወተትም አለበት ይባል ጀመር። ሰው ቢልጫውንም ተወ፣ ቆሮሶውንም ተወ። የከድር ቤት ባዶ፣ የጀማሉዲን ቤት ባዶ። የጀማሉዲን ቴሌቪዥን ለወንበር ነው የሚያወራው።

ከድር በዚህ ነገር ደስ አለው ብላችሁ እንዳታስቡ። ቦና የጠየቀው ምክንያት ይኸው መጣ፣ የመጣው ግን በሱ ጣሪያ ላይ ነው። በረዶው ውስጥ ያለው ዓሣ ይሸታል። እኔም መሽተቱን መሰከርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጀማሉዲን ሌሎች ዓሣ ነጋዴዎችን አስከትሎ መጣ። በሩን ሞሉት። የመጡበት ነገር የሌለ ይመስል ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ከዛ ጀማሉዲን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያገሬ ልጅ፣ ነገሩን አንተ ነህ ያወጣኸው፣ አንተ ነህ የምትመልሰው። እትዬ ተናኘን አናግሬያቸዋለሁ። ስብ ነው አልኳቸው። አንተ ነጋዴ ነህ አላምንህም አሉኝ። ከድር ስብ ነው ካለኝ ግን ለንስሐ አባቴ መልሼ እነግራለሁ፣ ከድር አይዋሸኝም አሉ። አሁን እየመጡ ነው፣ ከነማኅበራቸው። ስብ ነው በል። አንዲት ቃል ናት።"

"ስብ ደግሞ የጾም ሆነ?" አልኩ እኔ በቆርቆሮው በኩል።

"አንተ ጎማህን ንፋ" አለኝ።

"እንቁላል ነው እኮ ጀማሉዲን" አለ ከድር።

"እንቁላል መሆኑን አጣሁት? ያገሬን ነገር አንተ ነህ የምታስተምረኝ? ያቺ ወፍጮ ጋ እኔም ተቀምጫለሁ። ግን ልጆቼ ወፍጮ ጋ አይደለም የሚበሉት፣ እዚህ ነው። ያንተስ?"

ከድር ቢላውን እንደያዘ ወደ በሩ አየ። ይሄ ነው እንግዲህ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ። ከኋላው ግድግዳ፣ በግራው የኔ ቆርቆሮ፣ ከፊቱ ባንኮኒው፣ ከባንኮኒው ወዲያ ነጋዴዎቹ፣ ከነጋዴዎቹ ኋላ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች እየመጡ። ሾላው ላይ ሳለ ቢያንስ ጎርፉ ይጎድላል ብሎ ነበር የሚጠብቀው አለኝ በኋላ። ይሄኛው የሚጎድል አልነበረም።

እትዬ ተናኘ ሲገቡ ነጋዴዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ጀማሉዲን ራሱ ከበረዶው ሆዷ የተነፋ አንዲት ቢልጫ መርጦ ባንኮኒው ላይ አኖረ። ስብ ነው ለማለት ቀጫጫ ብትሻል ነበር፣ ግን አላሰበውም።

"ክፈታት" አሉ እትዬ ተናኘ።

ከድር ከፈታት። ቢጫው ፈሰሰ። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ምንድነው ከድርዬ? አንተ ያልከኝን ነው የማምነው።"

ከድር ቢላውን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። የጠራውን ይጠርገዋል። ጀማሉዲን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያስጠናዋል፦ ስብ፣ ስብ፣ ስብ።

"እትዬ ተናኘ" አለ ከድር፣ "እኔ በእናንተ ጾም አያገባኝም። ምን እንደሚበሉ አልነግርዎትም፣ ነውር ነው። ይሄ ግን እንቁላል ነው። ባትያዝ ኖሮ እናቴ ደጅ ነበር የምትጥለው።"

"ጨረስከን" አለ ጀማሉዲን። ጮኾ አይደለም፤ ደክሞት እንደሚቀመጥ ሰው ነው ያለው።

እትዬ ተናኘ ግን ገና አልጨረሱም። "እናትህ ደጅ መሆኑን ካወቅህ ለምን ትሸጠዋለህ?"

"እርስዎ ስለሚገዙ።"

"እኔ የምገዛው አንተ ስለምትሸጥ ነዋ።"

ሁለቱ ተያዩ። እትዬ ተናኘ ቀና ብለው ካርቶኑን አዩት፣ ከውስጥ በኩል ያለውን ጽሑፍ። ልትወልድ እየሄደች ነው። ሁለት ጊዜ አነበቡት መሰለኝ። "እስኪ ይሄን ወደ ውጭ አዙረው" አሉና ማኅበራቸውን ይዘው ወጡ። ካርቶኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ከድር እጁ ዓሣ ዓሣ ነበር።

የዛን ፍልሰታ በኛ በኩል ዓሣ የበላ ሰው ካለ ተደብቆ ነው። ጀማሉዲን ሰላምታ አቆመ፤ አስፋልቱን ሲሻገር እንኳን በዓይኑ ከድርን ዘሎ እኔን ነው የሚያየው፣ እኔ ደግሞ ሳልፈልግ ሰላም እለዋለሁ። ከድር ብረት ምጣዱን አጥቦ ድንች ጥብስና ሳምቡሳ ጀመረ። ድንቹ ዓሣ ዓሣ ይላል። የሚገዛው ታክሲ ረዳት ብቻ ነው፤ ረዳት ምንም ይበላል። ማታ ማታ ቤቱን ልዝጋው ወይስ ይቆይ እያለ ብቻውን ሲያወራ እሰማዋለሁ፤ ቢዘጋው ሌላ ሙያ የለውም፣ ቢከፍተው ዓሣ የለውም።

ቦና ደወለ። ስልኩን ስፒከር ላይ ስለሚያደርገው ሰማሁ።

"ማንም አላዘዘም" አለ ቦና። "አንተም፣ ጀማሉዲንም፣ ቃሊቲ ያሉትም። ምን አደረግካቸው?"

"ምንም። ጠየቁኝ፣ መለስኩ።"

"መረቡን ሰቅዬዋለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም፣ እወቅልኝ።"

"ጾሙ ሲፈታስ?"

"ሲፈታ ሥጋ ነው የሚበሉት፤ ማን ቢልጫ ይፈልጋል? እስከ መስከረም መረቡ እዛው ግድግዳ ላይ ነው። እኔም አብሬው።" ደግሞ "ድንች ይሸጣል እንዴ?" አለ። ሰምቷል ማለት ነው።

ነሐሴ ወደ ማለቂያው፣ ዝናቡ ቆርቆሯችንን ሲደበድብ፣ የከድር ስልክ ጠራ። እናቱ ናቸው። ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ነው፣ አንድ ረዳት ባንኮኒው ላይ ሳንቲም እያንኳኳ ይጠብቃል።

"አንተ ልጅ" አሉት፣ "ዓሣ ቤትህ ተዘጋ እንዴ?"

ከድር ደነገጠ። አልነገራቸውም ነበር። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ወፍጮው ጋ ነኝ። አንዲት ዘለለች።"

ከድር እጁን ዘርግቶ የኔን ቆርቆሮ ያዘ።

"አለፈች?" አለ።

"ወደቀች።"

በስልኩ ውስጥ የውሃው ድምፅ ይመጣል፤ ከዝናቡ ጋር ስለተቀላቀለ የትኛው የኛ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

"ጋሼ፣ እያረረ ነው" አለ ረዳቱ።

ከድር ስልኩን እንደያዘ በመዳፉ ቆይ አለው።

"እናቴ፣ እንግዲህ ግቢ፣ ይበርድሻል። እራት ይቅረብልሽ።"

"ቆይ" አሉት፣ "እስክታልፍ።"